ላሙ፤ በአህያና በነፋስ የምትኖር ደሴት

ከጎረቤታችን ከኬንያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከሶማሊያ ወሰን ብዙ ሳይርቁ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ጥቂት ደሴቶች ተሰባስበው ይገኛሉ። ከእነርሱም የታወቁት ላሙ፣ ማንዳና ፓቴ ናቸው። የላሙ ከተማ ሰው ሳይለያት ከ700 ዓመት በላይ የኖረች ስትሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊቱና ከሁሉም ይልቅ እንደ ቀድሞ መልኳ ተጠብቃ የቈየችው እርስዋ ናት ተብላ በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በአገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

እኛ ወደዚያ የሄድነው ከባለቤታችንና ዘጠኝ ዓመት ከሆናት ልጃችን ጋር ነው። በናይሮቢ የነበረንን ጉዳይ ከፈጸምን በኋላ አምስት ቀን ብቻ ለማረፍ አስበን ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቈየን። አምስቱ ቀን እንዴት ሦስት ሳምንት እንደ ሆነ ወዳጆቻችን ደጋግመው ስለሚጠይቁን፣ በየቤቱ እየዞርን ከምንመልስ ይልቅ በዚህ ገጽ ብንጽፈው የሚሻል መስሎ ታየን።

አይሮፕላኑ የሚያርፈው በማንዳ ደሴት ላይ ስለ ሆነ ከዚያ ወደ ላሙ የሚሻገሩት በጀልባ ነው። ከጀልባዋ ወርደን የድንጋዩን ደረጃ እንደ ወጣን፣ አንድ የለመድነው ነገር እንደ ጐደለ ተሰማን፤ ምን እንደ ሆነ ግን ቶሎ ለይተን ማወቅ አልቻልንም። «አባባ፣ መኪና የለም እኮ!» ብላ የነገረችን ልጃችን ናት። የአሮጌዋ ከተማ መንገዶች ሁለት ሰው ጐን ለጐን ሆኖ በጭንቅ የሚያልፍባቸው ናቸውና መኪና ልግባ ቢል እንኳ መግቢያ የለውም። ድንጋዩም፣ አሸዋውም፣ ሲሚንቶውም፣ የመንገደኛውም ሣጥን የሚጓዘው በአህያ ጀርባ ነው። በደሴቲቱ ላይ ሦስት ሺህ ያህል አህዮች አሉ ይባላል። ሰውና አህያ በጠባብ መንገድ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ ግድግዳ ተጠግቶ መንገድ የሚለቀው ሰውዬው ነው። አንድ የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ማኅበርም ለአህዮች ብቻ ያለ ዋጋ ሕክምና የሚሰጥበት ቤት ከከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዓለም ላይ ካሉት አገሮች ሁሉ ብዙ አህያ ያለው በኢትዮጵያ ነውና፣ ይህን ወሬ የአገራችን አህዮች ቢሰሙት ኖሮ ስንቱ ወደ ላሙ በተሰደደ! እውነቱን ለመናገር፣ በቅርብ ዓመታት ሞተር ብስክሌት ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ሽማግሌዎቹን ማሳዘን ጀምሯል። በጠባቡ ጐዳና ግን እስካሁን ጌታው አህያ ነው።

ልባችንን አስቀድሞ የሳበው የሰዓቱ ነገር ነበር። በናይሮቢ ቀጠሮ ሲሰጡን በፈረንጅ ሰዓት ነበርና ስድስት እየጨመርንና ስድስት እየቀነስን ስንደክም ሰንብተናል። በላሙ ያከራየን ቤት ባለቤቶች ግን በስዋሂሊ ቋንቋ ሰዓት ሲናገሩ፣ ልክ እንደ እኛ ከፀሐይ መውጣት ተነሥተው ነው የሚቈጥሩት። ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን የጥዋት ሰዓት እነርሱ «ሳ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት ይሉታል። «ሳ» ያሉት ቃል ራሱ የእኛው ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የሴም ቋንቋ ሥር የመጡ ናቸው። በባዕድ አገር ቋንቋውን የማያውቁት ሰው የራስን ሰዓት ሲናገር መስማት ምን ያህል እንደሚያጽናና፣ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ሆኖም ቀኑን በእውነት የሚገዛው በእጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ዓሣ አጥማጁ የሚወጣው፣ አሸዋ ጫኙ ጀልባውን የሚያስጠጋው፣ ዘመድ ጠያቂውም ወደ ፓቴ የሚሻገረው ይህን ተመልክቶ ነው። ዓመቱንም ነፋስ ይከፍለዋል። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል፤ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ የሚመጣውን ደግሞ ኩሲ ብለው ይጠሩታል። በቀድሞ ዘመን ከዓረብ አገርና ከሕንድ የሚመጡት ባለ ሸራ መርከቦች በካስካዚ ወርደው በኩሲ ይመለሱ ስለ ነበር፣ ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ ቢጨርስም ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ወራት መቀመጥ ግድ ይሆንበት ነበር። በዚያም መካከል ቤት ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ። የስዋሂሊ ከተሞች ሕዝብ፣ ቋንቋውና ምግቡ እንዲህ ባለ ድብልቅ የተገኘ ነው። ነፋስ ያስቀመጠው እንግዳ የአገሩ ሰው ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ስለ ቤቱ እንናገር፤ የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ከሁሉ ይልቅ ይህን እንደሚወዱ እናውቃለን።

ያረፍንበት ቤት የተሠራው ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይና ከኖራ ነው። ግድግዳው ከግማሽ ሜትር የማያንስ ውፍረት አለው። ጣራውን የሚሸከመው በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ግንድ ሲሆን፣ ይህ ግንድ በርዝመቱ ብዙ ስለማይሄድ ክፍሎቹ ሁሉ ስፋታቸው ከሦስት ሜትር በታች ሆኖ በቁመታቸው ብቻ ይረዝማሉ። መሐንዲሱ ዛፉ መሆኑ ነው። በመንገድ በኩል መስኮት እምብዛም የለም፤ ብርሃኑና አየሩ የሚገባው በመካከል ካለው ግቢ ነው። በውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ በኖራ የተቀረጹ ብዙ ትናንሽ መስኮት መሰል ዕቃ ማስቀመጫዎች ተደርድረዋል። ውጭው ግን ከበሩ በቀር ጌጥ የለውም። በሩ ደግሞ በአበባና በሐረግ የተቀረጸ ወፍራም እንጨት ነው።

በአንዳንድ ሥፍራ ሁለት ቤቶች ከመንገዱ በላይ በድልድይ መሰል ክፍል ተያይዘው ይታያሉ። ሴት ልጅ ስታገባ ወላጆችዋ በቤታቸው ላይ ወይም በአጠገባቸው ቤት የመሥራት ልማድ ስለ ነበራቸው፣ እናትና ልጅ ወደ ጐዳና ሳይወርዱ የሚገናኙበት መንገድ ነበር። ባለቤታችን ይህን ከሰማች በኋላ በየመንገዱ ቀና ብላ ስትመለከት ሰነበተች።

ልጃችንን ያስደነቃት ሌላ ነገር ነው። በመታጠቢያ ቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ይዋኛሉ። በመጀመሪያ ቀን ጮኻ ወጣች፤ ኋላ ግን የቤቱ እመቤት ዓሦቹ የወባ ትንኝ ዕጭ እየበሉ ውኃውን የሚጠብቁ ሠራተኞች መሆናቸውን ስትነግራት፣ በየጥዋቱ ሳትጐበኛቸው ቁርስ የማትቀምስ ሆነች።

ወጥ ቤቱ ያለው ከሁሉ በላይ፣ በሰገነቱ ላይ ነው፤ ጢሱ ወደ ላይ እንዲሄድና ቤቱን እንዳያሞቅ ነው። እመቤቲቱ ሩዝ በኮኮናት ወተት ስትሠራ ባለቤታችን አጠገብዋ ተቀምጣ ተማረች። ኮኮናቱ ከተሰበረ በኋላ የሚፋቀው ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት በተሰካበት ዝቅ ያለ የእንጨት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። የዚህም ዕቃ ስም በስዋሂሊ «ምቡዚ» ነው፤ ፍየል ማለት ነው። የተፋቀው በውኃ እየታሸ ይጨመቃል። የመጀመሪያው ጭማቂ ወፍራም ስለ ሆነ ለብቻው ይቀመጣል። ሁለተኛው ቀጭኑ ነው፤ ሩዙም የሚበስለው በእርሱ ነው፤ ወፍራሙ የሚጨመረው ሊወርድ ሲል ነው። ይህ ሁሉ ጥዋት ተጀምሮ ለምሳ የሚደርስ ሥራ ነው። በገበያ የተዘጋጀ የኮኮናት ወተት በቈርቈሮ መሸጡን ባለቤታችን ብትነግራት፣ እመቤቲቱ «አውቀዋለሁ፤ ግን እርሱን ስከፍት ከማን ጋር አወራለሁ?» አለቻት። እውነትም በዚያ ሰገነት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች አይጠፉም ነበር።

የልጆቻቸው አስተዳደግ የአገራችንን የጥንት ጨዋነት አሳሰበን። ሕፃን ታላቁን ሲያገኝ «ሺካሞ» ይላል፤ እግርዎን ይዣለሁ እንደ ማለት ነው ይላሉ። ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበለዋል። ጉልበት መሳም ለለመደ ሰው ይህ አስተርጓሚ አያሻውም። ልጃችን በሁለተኛው ቀን ተምራው ጐዳና ለጐዳና ላገኘችው ሽማግሌ ሁሉ «ሺካሞ» ስትል፣ የአንዱን ሰላምታ ሳትጨርስ ሌላው እየተተካ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ ለምሳ የሚመለስበት ቀን ሆነ። በእርግጥ ዳቦ ሊገዙ የወጡት እኛ ነበርን።

ከቤቱ በር ግራና ቀኝ «ባራዛ» የሚሉት የድንጋይ መቀመጫ አለ። ቤት የግል ነው፤ ባራዛ ግን የመንገደኛው ሁሉ ነው። ማታ ፀሐይ ሲበርድ ሽማግሌዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በእጅ የተጠለፈ ቆብ ደፍተው በዚያ ይቀመጣሉ። ቡና ሻጩም ከሥሩ ፍም ያለበትን ረጅም የናስ ጀበና አንጠልጥሎ ትናንሾቹን ስኒዎች እያንቃጨለ ይመጣል። ቡናው ዝንጅብል የገባበት፣ መራራና ትኩስ ነው። ከኡሐበሺ መምጣታችንን (ኢትዮጵያን እንዲህ ብለው ይጠሯታል) ባወቁ ጊዜ፣ ስለ ቡናው ፍርድ እንድንሰጥ ጠየቁን። ጥሩ ነው ብለን መለስን፤ የእኛን ሦስት ዙር ግን እንደማያህል ለመጨመር ሀገራዊ ግዴታ ተሰማን። ሳቁና አንድ ስኒ ጨመሩልን። «ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ» የሚለውን ምሳሌያቸውን የሰማነውም በዚያው ነው፤ ችኰላ በረከት የለውም ማለት ነው። እኛም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አስተረጐምንላቸው። በሁለቱ ምሳሌዎች ላይ ያለው ክርክር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቈየ፤ ማንም አልቸኰለም።

እንዲህ ባለ ኑሮ አሥር ቀን ካለፈ በኋላ በራሳችን ላይ አንድ ለውጥ አየን። በአዲስ አበባ ሳለን ስንበላም ስንነጋገርም ስለ ሚቀጥለው ጉዳይ እናስብ ነበር። በላሙ ግን ልጃችን ዓሦቹ ስላደረጉት ነገር ስትተርክልን እስከ መጨረሻው ሰማናት፤ እርስዋም እስከ መጨረሻው ስለ ተሰማች ታሪኩን ማስረዘም ጀመረች። ባለቤታችንና እኛ ከተጋባን ወዲህ ያልተነጋገርነውን ብዙ ነገር በዚያ ሰገነት ላይ ተነጋገርን። ከዚያም የተለመደው ሐሳብ መጣ፤ እዚሁ አንድ አሮጌ ቤት ብንገዛስ?

ባለቤታችን ይህን ለቤቱ እመቤት አማከረቻት። ሴትዮዋ አላሳፈረቻትም። «ልጄ፣ እናንተን ጎረቤት ማድረግ ደስታዬ ነው» ካለች በኋላ ግን፣ ወደ ባለቤታችን ጠጋ ብላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሚያምር በር አሳየቻት። በላሙም ሆነ ሼላ በምትባለው በአጠገቡ መንደር ብዙ አሮጌ ቤቶችን የውጭ አገር ሰዎች ገዝተው አሳምረዋል፤ ከመፍረስም አድነዋቸዋል። ዋጋው ግን የደሴቲቱ ልጅ ከማይደርስበት ወጥቷል፤ ባለቤቶቹም የሚመጡት በዓመት ለጥቂት ሳምንት ነው። «በሩ ሲዘጋ ባራዛው ላይ የሚቀመጥ የለም» አለቻት። የወደድነው ኑሮ ዘወትር እዚያ የሚኖሩ ሰዎች የሚሠሩት ነውና፣ በገንዘባችን ገብተን ሰዎቹን ብናስወጣ የሚቀርልን ድንጋዩ ብቻ ነው። የቤቱ ነገር በዚያው ማታ ቀረ።

የቀስታው ኑሮ ዋጋም አለው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ከፓቴ ወደ ላሙ በአቋራጭ የሚያመጣው በማንዳና በየብሱ መካከል ያለው ምካንዳ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ነው። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ግን ጀልባ አያሳልፍም። ጀልባ ነጂያችን እንደ ነገረን፣ እኅቱ ምጥ ይዟት ከፓቴ ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ውኃው ሸሽቶ ስለ ጠበቃት፣ ጀልባይቱ በጭቃ ላይ ተቀምጣ ልጁ እዚያው ተወለደ። ልጁ በሕይወት አለ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። «ፖሌ ፖሌ እናንተ እንደምትሉት ጥሩ ነው፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው» አለን፤ «እኅቴ ግን ያን ቀን የፈለገችው ሐራካውን ነበር።»

ደሴቲቱ ራስዋም በትዕግሥት ብቻ የተረፈች አይደለችም። የምትጠጣው ውኃ የሚገኘው ከሼላ የአሸዋ ኮረብቶች ሥር ነው። ዝናቡ በአሸዋው ቀስ ብሎ ወርዶ በጨው ውኃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ከመጠን በላይ የቀዱት ወይም በኮረብታው ላይ ቤት የሠሩበት እንደ ሆነ ጨዉ ይገባበታል። ስለዚህ ሆቴል በበዛ ቍጥር ጕድጓዱን የሚመለከቱት ሰዎች ይሠጋሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የሚመጣው ከየብሱ በኩል ነው፤ እርሱም እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ጠቅላይ ሚኒስትራችን መለስ ዜናዊ በላሙ ተገናኝተው ለታላቅ ወደብ መሠረት ጣሉ። የሥራው ስም ራሱ የላሙ ወደብ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ መጓጓዣ ነው። በእቅዱ 32 መርከቦች የሚቆሙበት ሥፍራ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። ባሕር በር የሌላት አገራችን ንግዷን አብዛኛውን በጅቡቲ በኩል ስታደርግ የቈየች እንደ መሆኗ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ በር መፈለጓ የሚነቀፍ አይደለም። እኛም ይህን ጉዳይ በቢሮ ሆነን በካርታ ላይ ስናየው አንድ ቀይ መሥመር ብቻ ነበር።

በባራዛው ላይ ግን መሥመሩ ሌላ መልክ አለው። ለመርከቦቹ መግቢያ የባሕሩ ወለል በተቈፈረ ጊዜ ውኃው ደፍርሶ፣ ከጥንት ጀምሮ ያጠምዱበት የነበረው ሥፍራ እንደ ጠፋባቸው ዓሣ አጥማጆቹ ከሰሱ። በማሊንዲ ያስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ለ4,600 ያህል አጥማጆች 1 ቢሊዮን 760 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ፈረደ። በዚያው አካባቢ በከሰል የሚሠራ ታላቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሊቆም ታስቦ የነበረውንም፣ ሕዝቡ በሚገባ አልተጠየቀም ተብሎ ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የሚመለከተው የዳኝነት ጉባኤ ፈቃዱን ሰረዘው። ቀስ ብሎ የሚኖር ሕዝብ መብቱን ለመጠየቅ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ እነዚህን ሁለት መዝገቦች ያስመርምር።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ቀን ጀልባ ነጂያችን በሙላት ሰዓት በምካንዳ አሳልፎ ወደ ማንዳ ሰላጤ ወሰደን። ግራና ቀኝ የማንግሮቩ ሥሮች በውኃው ላይ እንደ ጣት ተዘርግተው፣ ነጫጭ ወፎች ተቀምጠውባቸው ነበር። ከመተላለፊያው እንደ ወጣን በሩቅ የወደቡ ረጃጅም የዕቃ ማንሻዎች ታዩ። ልጃችን «የኛ መርከብ ናት እዚያ ያለችው?» ብላ ጠየቀች፤ አንዲትም መርከብ አልነበረችም። ጀልባ ነጂው ጥያቄዋን በተረጐምንለት ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «የእናንተስ መቼ ይመጣሉ? ታናሽ ወንድሜ እዚያ ሥራ ይጠብቃል» አለን። አባቱ ከከሳሾቹ አጥማጆች አንዱ መሆኑን ግን ቀደም ብሎ ነግሮን ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ ጠየቅነው። «እራት ላይ ስለ ወደቡ አናወራም» አለ፤ ጥቂትም ዝም ካለ በኋላ፣ «የእናንተ ሰዎች በወደቡ ሲመጡ ዕቃቸውን ጭነው ብቻ እንዳይመለሱ ንገሩልን። ተሻግረው ቡና ይጠጡ» ብሎ ጨመረ።

እንናገራለን አልነው። እርሱ ግን ዓይኑ በማንግሮቩ ሥሮች ላይ ነበር። ርጥቡ ምልክት ከውኃው በላይ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ አየና ሸራውን አዞረ፤ ባሕሩ መሸሽ ጀምሮ ስለ ነበር በምካንዳ ለማለፍ የቀረን ጊዜ ጥቂት ነበር።